ሁለተኛው ባና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን ዐረፍሽ» ይለኛል። ዕረፍት የሚባለውን ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም። ዕድሜዬን ነጭ ለብሼ ኖሬ፣ ዛሬም ሰው ቤት ገብቼ የተኛ ሰው ካየሁ እጄ ሳላዘው ግንባሩ ላይ ያርፋል። ጎረቤቶቼ ታዝበውኛል። አንዷማ በቀደም «ሲስተር አስካለ፣ እኔኮ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው እንጂ አልታመምኩም» ብላኛለች።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የሥራ ናፍቆት አይደለም። ባለፈው ክረምት በገዛ ሆስፒታሌ በር ላይ አንድ ነገር ደረሰብኝ፤ እሱን ለመናገር ነው። ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለምን እንዳለቀስኩ አይገባችሁም።

የመጀመሪያ ምደባዬ መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ግርጌ ያለች ጤና ጣቢያ ነበረች። ሁለት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የመርፌ መቀቀያ፣ እና ጋሽ አባተ። ጋሽ አባተ ድሬሰር ናቸው። ያኔ ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ስብራት የሚያስር፣ ዲፕሎማ የሌለው ሁሉን አዋቂ ማለት ነው። እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁ ነርስ ስለነበርኩ በወረቀት አለቃቸው ነኝ። ወረቀቱን ያየው ግን እኛ ሁለታችን ብቻ ነን፤ በሽተኛው ሁሉ «አባተ የለም ወይ?» እያለ ነበር የሚገባው። እኔም መጀመሪያ ላይ እናደድ ነበር፤ ኋላ እኔም «አባተ የት ሄዱ?» ማለት ጀመርኩ።

እኒህ ሰው በሽተኛ ሲመጣ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበራቸው። መጀመሪያ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቃሉ። ቀጥለው «ይቅር በሉኝ እናቴ» ወይም «ይቅር በሉኝ አባቴ» ይሉና ባናውን ከእግር በኩል ይገልጡታል። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ የአገራችን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። መንዝ ውስጥ የታመመ ሰው በባና ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ተጠቅልሎ፣ ቃሬዛ ላይ ታስሮ ነው የሚመጣው። እሱን መግለጥ ነውር ነው፤ በተለይ የሽማግሌና የሴት። ስለዚህ ብዙዎቻችን እጃችንን በባናው ጠርዝ አሾልከን ክንድ ፈልገን፣ መርፌያችንን ወግተን እንሸኝ ነበር። ጋሽ አባተ ግን ሳይገልጡ አይነኩም። ለምን ከእግር በኩል እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ በራስ በኩል የሚገለጠው ሬሳ ነው፣ በሽተኛው ይደነግጣል አሉኝ።

አንድ ቀን የተማርኩትን ላሳያቸው ብዬ የአንድ ሰውዬ የጣት ጥፍር ጫን አድርጌ ለቀቅኩና፣ ደሙ ቶሎ አልተመለሰም፣ ይህ ሰው ውስጥ ውስጡን እየደማ ይሆናል አልኩ። ሳቁብኝ።

«የመንዝ ጥፍር ውሸታም ነው ልጄ» አሉ። «የኔን ብትጫኚው ሞቷል ትያለሽ።»

ከዚያ የሰውዬውን የታች ከንፈር ገልበጥ አድርገው በአውራ ጣታቸው ተጭነው ለቀቁት። ወዲያው ቀላ። በብርድ አገር ደም ከእጅና ከእግር ይሸሻል፤ እጅ ቢቀዘቅዝ ብርዱ ነው ወይስ ደም መፍሰሱ ነው የሚለውን እጅ ራሱ አይነግርም። እውነቱ ከከንፈር ውስጥና ከደረት ላይ ነው። ይህንን በየትኛውም ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ጽፌው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጭቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሆስፒታል ተዛወርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ቀጥዬ የምናገረው ጥፋት የኔ ስለሆነ ብቻዬን ልሸከመው። ጋሽ አባተም ዓመት ሳይሞላ ተከትለውኝ መጡና ድንገተኛ ክፍል ተመደቡ። ደመወዙ ያው ነው፣ ሥራው እጥፍ ነው፤ ያኔ ግን ልጅ ነበርኩና ድካም አላውቅም።

የገበያ ቀን ነበር። ገበያተኛ የጫነ አይሱዙ ከመታጠፊያው ላይ ተገለበጠና የተጎዱትን በአንድ ጊዜ አመጡብን። የዕለቱ ኃላፊ እኔ ነኝ። ጋሽ አባተ ለዘመድ ተዝካር አገራቸው ወርደው ነበር። ግቢው በጩኸት ተሞላ። ከመጡት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ሰው የሚያስታርቁ፣ ወረዳው ሁሉ የሚነሳላቸው። ራሳቸው ተፈንክቶ ደሙ ፊታቸውንና ነጭ ጋቢያቸውን አልብሶታል። የራስ ቁስል ብዙ ይደማል እንጂ የሳቸው እንኳ ስፌት የሚበቃው ነበር። እኛ ግን እሳቸውን ትተን ወዴት እንሄዳለን? ከስድስታችን አራታችን እሳቸው ላይ ነበርን።

ወደ እሳቸው ስሮጥ ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠች ሴት አየሁ። ስሟ ዘነበች ነው፤ የበግ ጠጉር ልትሸጥ የወጣች፣ በዕድሜ የኔ እኩያ። በባናዋ ተጠቅልላ ዝም ብላለች። ቆም ብዬ እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ነው።

«ደህና ነኝ እህቴ፤ ብርዱ ነው» አለችኝ። «እነሱን እይልኝ።»

እውነትም ብርድ ነበር። ጭጋጉ ግቢው ድረስ ገብቷል። ከአልጋ ላይ ሌላ ባና አነሳሁና ደረብኩላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ደግ ሥራ ሠራሁ ብዬ፣ ልቤ ሞልቶ፣ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ሰፍቼ፣ አጥቤ፣ ጋቢያቸውን ሳይቀር አስቀይሬ ስመለስ እንዳስቀመጥኳት ነበረች። ጠራኋት። አልመለሰችም። ሐኪሙ ሁለቱን ባና ሲገልጠው ሆዷ ተነፍቷል፤ ጣፊያዋ ተቀዶ ደሟ ሁሉ ውስጥ ፈስሷል። ከግድግዳው እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ይነቅዛል፤ ይህን የተማርኩት በሷ ነው።

ቤተሰቦቿ የሷን ባና ይዘው ሄዱ። እኔ የደረብኩት ተረፈ። ጋሽ አባተ ሲመለሱ እቃ ክፍል ውስጥ ያንን ባና ታቅፌ አገኙኝ። አልተቆጡኝም። ባናውን ከእጄ ወስደው፣ አራግፈው፣ በአራት አጠፉት። እኔ ገደልኳት ስላቸው እንደዚያ ማለት ለራስ ማልቀስ እንጂ ለሷ አይደለም አሉኝ።

«ማልበስሽ አይደለም ጥፋቱ» አሉ። «ሳታዪ ማልበስሽ ነው። አሁን ይህን ያዥና ለሌሎቹ አሳዪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

እንዲህ ነው አስተማሪ የሆንኩት። ነርሶችን አደጋ ሳይደርስ ለአደጋ ማዘጋጀት የሚባል ሥራ ያኔ በእኛ አካባቢ የማንም ሥራ አልነበረም። በኋላ ከከተማ የመጡ አሠልጣኞች አምስት ቀን አሠለጠኑን። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ስለ ጎርፍና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ስዕል አሳዩን፤ አበሉም ዘግይቶም ቢሆን መጣ። ከሁሉ የጠቀመኝ ልየታ የሚሉት ነው። ብዙ ተጎጂ ሲመጣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሁሉንም በፍጥነት ያያል፤ አሁኑኑ ካልተረዳ የሚሞተው ላይ ቀይ፣ ጥቂት ሊቆይ የሚችለው ላይ ቢጫ፣ ቁስሉ ቀላል ሆኖ መጠበቅ የሚችለው ላይ አረንጓዴ ምልክት ያደርጋል። የሚታከመው በምልክቱ ነው እንጂ በማዕረጉ አይደለም።

ምልክቱ ካርድ ነበር። በሁለተኛው ልምምዳችን ካርዱ አለቀ፤ የተረፈውንም ጭጋጉ አረጠበውና ቀለሙ ተለቃለቀ። አዲስ እንዲላክ ጻፍን፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ስለዚህ ሞላሌ ገበያ ወርጄ ጠጉር የሚፈትሉ ሴቶች ዘንድ በሦስት ቀለም የተነከረ ወፍራም ክር አስፈተልኩ። የሱፍ ክር ቢረጥብ አይበጠስም፤ ጓንት በለበሰ እጅ ይታሰራል፤ ታጥቦ ደግሞ ያገለግላል። ዳይሬክተራችን፣ ቅጽ የሚወዱ ደግ ሐኪም፣ «ይህ በየትኛው ቅጽ ይመዘገባል?» ብለው ተጨነቁ። በአላቂ ዕቃ መዝግቡት አልኩ። ተመዘገበ።

ሌላው ያስቸገረን ሁሉም ሰው ሁሉንም ካልሠራሁ ማለቱ ነው። አንድ በሽተኛ ሲመጣ አምስት ነርስ በሩ ላይ፣ ውስጥ ባዶ። ለዚህ መድኃኒቱን ያገኘሁት ከገበሬው ነው። በእኛ አገር በየጎጡ የቃሬዛ ማኅበር አለ፤ የታመመውን ተሸክመው ተራራውን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። አንድ ቀን አብሬያቸው ስሄድ አየኋቸው። የደከመው ሳይቆም ትከሻውን ያወጣል፣ ከኋላው ያለው ይገባል፤ «አንተ ግባ፣ አንተ ውጣ» የሚል ሰው የለም፤ ሥራው የሰው ሳይሆን የቦታው ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ስም የተጻፈበትን ዝርዝር ቀደድኩና ቦታውን አስተማርኩ። በሩ ላይ የደረሰ የበሩ ሰው ነው፤ ክር ያስራል እንጂ ቁስል አያጥብም። አልጋ ዘንድ የደረሰ የአልጋው ነው፤ ሰው ተክቶት ካልሆነ ንቅንቅ አይልም።

ልምምዱ ላይ እንደ በሽተኛ የሚሆኑልን የከተማው ሰዎች ነበሩ። ቄስ ገብሬ የሚባሉ ተጫዋች ካህን፣ ጣታቸውን ብቻ የተቀጨ ሰው ሆነው እንዲተኙ ነገርኳቸው። ነርሶቼ ተሰልፈው መጀመሪያ የሳቸውን መስቀል ተሳለሙ። ቀይ ክር የሚገባቸው ሦስት «ሟቾች» መሬት ላይ እየጠበቁ እሳቸው ፋሻ ታሰረላቸው። እኔ ተቆጣሁ። ቄስ ገብሬ ግን ተነስተው፣ ሰው ሲጎዳ መስቀሉ ወደ ታመመው ይሄዳል እንጂ የታመመው ወደ መስቀሉ አይመጣም፣ እኔን ተራዬ ሲደርስ አግኙኝ ብለው ገሠጹ። ከዚያ ወዲህ በየልምምዱ ከካህን፣ ከሽማግሌና ከባለሥልጣን አንዱን አረንጓዴ አድርጌ ማስተኛት አልተውኩም። ዘመሮም ሄጄ፣ መርሐቤቴ ቆላም ወርጄ ሳሠለጥን ፈተናው ያው ነበር። ቆላ ባናው ጋቢ ይሆናል እንጂ ይሉኝታው አንድ ነው።

በመጨረሻ ግን ሁሌም ያ ባና ይመጣል። የልምምዱ ዋና በሽተኛ እሱ ውስጥ ነው፤ ዝም ይላል፣ ሲጠይቁት «ደህና ነኝ፣ ብርዱ ነው» ይላል። ከባናው በታች ሆዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ። ሳይገልጥ ያለፈ ወደቀ። ሕጉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ግለጡ፣ ከዚያ አልብሱ።

ሰላማዊት ሦስት ጊዜ ወደቀች። የግሼ ልጅ ናት፤ ድምጿ የማይሰማ፣ ስትናገር መሬት የምታይ። ባናው ውስጥ የነበሩት የሆስፒታሉ አሮጌ ጥበቃ ነበሩ፤ እጇን ዘርግታ ታመጣና ጠርዙ ላይ ስትደርስ ትመልሰዋለች። ለምን ስላት አባቴን እንደመግለጥ ሆነብኝ አለች። እኔ ትዕግሥቴ አጭር ነው፤ ለድንገተኛ ክፍል አትሆንም ብዬ ግምገማዋ ላይ ጻፍኩ። ጋሽ አባተ ያኔ ጡረታ ወጥተው ከዘራ ይዘው ሊጠይቁን ይመጡ ነበር። ወረቀቱን አሳየኋቸው። «የምታፍር ልጅ ጥሩ ናት፤ ስትገልጥ ሰውነቱን ሳይሆን ሕመሙን ታያለች» ብለው ወሰዷትና እጅን ብብት ውስጥ ማሞቅ አስተማሯት። ወረቀቱን ግን አላነሳሁትም፤ እልኸኛ ነኝ። ጋሽ አባተን በዚያው ዓመት ቀበርናቸው። ነፍሳቸውን ይማር።

ጡረታ ስወጣ ሸልመው ሸኙኝ። እኔ ግን በልቤ ፍርሃት ነበር። አስተማሪ ሲያይ የሚሠራና ማንም ሳያይ የሚሠራ ነርስ አንድ አይደሉም። ከሄድኩ በኋላ ያ ባና እቃ ክፍል ውስጥ ብል ይበላዋል፣ ነርሶቹም ወደ ትልቁ ሰው ይሮጣሉ፣ አንዲት ዘነበች ግድግዳ ተደግፋ ዝም ትላለች እያልኩ እጨነቅ ነበር። የሷን ሞት የምክስበት ሌላ ነገር የለኝም።

ባለፈው ክረምት ከሞላሌ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጭጋግ ውስጥ መንገድ ስቶ የገብስ ማሳ ላይ ተጋደመ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ግራ እጄ ከአንጓው ተሰብሯል፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። የአካባቢው ሰው ቃሬዛና ባና ይዞ ደረሰ፤ ያገኘውን ሁሉ ጠቀለለ፣ እኔንም ጭምር። የማያውቁኝ ስላልነበሩ የተሻለውን ባና ለኔ ሰጡኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ የቆመችው ሰላማዊት ናት። አንገቷ ላይ ሦስቱ ቀለም ክር ተንጠልጥሏል። ካርድ ክፍል የሚሠራው ተስፋዬ አየኝና «ሲስተር አስካለ ናቸው፤ ቶሎ አስገቧቸው!» ብሎ ግቢውን በአንድ እግሩ አቆመው። ነርሶቹ ሁሉ ዞር አሉ። ይኸው አልኩ፤ ሊሮጡብኝ ነው፤ ያንኑ ጥፋት በኔው ሊሠሩት ነው።

ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ሰላማዊት ብቻ መጥታ ተንበረከከች።

«ደህና ነኝ፤ እነሱን እይ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ የማን ቃል እንደሆነ አወቅሁት።

እጇን ብብቷ ውስጥ አሞቀች። «ይቅር ይበሉኝ ሲስተር፤ ደህና ነኝ ያለን ሰው አትመኑ ብለውናል» አለችና ባናውን ከእግሬ በኩል ገለጠችው። ሆዴን ዳሰሰች፣ ጎኔን ጫን ጫን አደረገች፣ ከንፈሬን ገልብጣ አየች። ከዚያ ከአንገቷ አረንጓዴ ክር መዝዛ ደህናው እጄ ላይ አሰረችልኝ፤ ባናውን መልሳ አለበሰችኝና ጥላኝ ሄደች።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ቅር አለኝ። እኔን? በዚህ ግቢ ሥር የሰደድኩትን? እጄ ይጠዘጥዘኛል፣ ተስፋዬ እያጉረመረመ ውኃ ያመጣልኛል፣ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደማንም ተራ ሰው ተቀምጫለሁ። ቀና ስል ሰላማዊትን ግድግዳው ሥር አየኋት። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ደጋጎቹ የመንደር ሰዎች ሁለት ባና ደራርበውላታል። ዝም ብላለች። ሰላማዊት ሁለቱንም አነሳች። ከንፈሯን አየች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ቀይ ክር አሰረችላት፣ ከዚያ የራሷን እጅ ብቻ ከፍ አደረገች። ሁለት ወጣት ነርሶች ቃሬዛ ይዘው ከቦታቸው መጡ፤ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሃያ እርምጃ አይሞላም። የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ሲዘጋ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ተስፋዬ እጄ ያመመኝ መስሎት «አላልኩም ወይ!» ብሎ ጮኸ።

እጄ በጄሶ የታሰረው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰላማዊት ስትመጣ፣ ያንን ግምገማ እንደተሳሳትኩ ልነግራት አስቤ ነበር። ግን ክሩን በጣም አጥብቀሽዋል አልኳት። እሷም መሬት መሬት እያየች፣ እንዳይፈታ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ነገርኳት። ሁለታችንም አፈርን።

በማግሥቱ ያቺን ሴት ልጠይቅ ገባሁ። ጣፊያዋን አውጥተውላት ነቅታለች። ማን እንደሆንኩ አታውቅም፤ እንደሷ ተሳፋሪ ብቻ መስያታለሁ። እንዴት ዋልሽ ሳልላት ስሞታዋን ጀመረች።

«አየሽ ያቺን ልጅ ያደረገችኝን?» አለች። «በዚያ ብርድ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ባናዬን ገፍፋ ጣለችው። ምነው ሰው አይደለሁም? አሁንም ድረስ እየበረደኝ ነው።»

እግሯ ሥር የታጠፈ ባና አለ፤ ያው ዘነበች ላይ የደረብኩት ነው፤ የልምምዱ ቀይ ጨርቅ ውስጡን ያስነካው ቀለም አሁንም አለ። በአንድ እጄ ዘረጋሁት፤ አስቀድመው ገልጠው ያዩዋት ናትና ሳልፈራ አለበስኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለችኝ።